መቅደላ ካልነቃች

የእህቴ ባል መለሰ ውሸታም አይደለም። ይህን ቀድሜ የምናገረው ኋላ እንዳትታዘቡኝ ነው። እሱ የሚያወራው የሆነ ነገር ነው፤ ብቻ የሆነው ነገር ከአፉ ሲወጣ ቁመት ይጨምራል። የተበላሸ ባጃጅ ጠግኖ ሲመልስ «ሬሳ አመጣህልኝ፣ ነፍስ ዘራሁበት» ይላል። ጋራዡና ሱቄ አንድ ግድግዳ ስለሚጋሩ፣ እኔ ስኳር ስመዝን የምውለው የእሱን ወሬ እየሰማሁ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ የከተማችን የመርሳ ሰው ከኋላው ምን እንደሚለው እሱ አያውቅም። እኔ አውቃለሁ። አንዳንዴም የምለው እኔው ነኝ።

ታናሽ እህቴ ሙሉወርቅ ግን ወዳው ነው ያገባችው። ምኑን ወደድሽለት ስላት «እሱ ሲገባ ቤቱ ይሞላል» አለችኝ። መሙላቱንስ ይሞላል፤ ለሌላ ሰው መቀመጫ እስኪጠፋ ድረስ።

በሁለት ሺህ ዐሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ነሐሴ ላይ፣ ከተማችን በታጣቂዎች እጅ ስትገባ ወንዱ ሁሉ ወደ ገጠር ተበተነ። መለሰም የባጃጁን ሞተር ፈታትቶ እኔ ጓዳ ደበቀና ሐራ አካባቢ ወዳለው አጎቱ ዘንድ ሄደ። ሲሄድ ሙሉወርቅ ማርገዟን እሱም አላወቀ፣ እሷም አላወቀች። ታኅሣሥ ላይ ከተማው ሲለቀቅ ጢሙን አሳድጎ፣ ኪሱ ውስጥ የጥይት ቀለህ ይዞ መጣ። ቀለሁን ከየት እንዳገኘው የጠየቀው የለም፤ እሱ ግን ለሁሉም ነገረ። መጀመሪያ ላይ ለወገን ጦር ውኃ አቅርቤያለሁ ነበር የሚለው። ጥር ላይ መንገድ መሪ ሆነ። ፋሲካ ሲደርስ አንድ ምሽግ ብቻውን ሰብሯል።

እኛ ሴቶቹ ከተማው ውስጥ ነበርን፤ የኛን የጠየቀን ግን የለም። መስከረም ሊያልቅ አካባቢ ሙሉወርቅ ሰውነቷ ጋለ፣ ከጆሮዋ ኋላ አበጠች፣ ከዚያ ፊቷ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ወጥቶ ወደ ሆዷ ወረደ። ጤና ጣቢያው ሰው የለበትም፤ ከሱቄም ፓራሲታሞል ካለቀ ቆይቷል። ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ እየነከርኩ ሰውነቷን አበስኩላት። ሦስት ቀን ቆየና በመጣበት ሄደ። ሙቀት ነው አልን። ሰው ስለ ሞት በሚያወራበት ሰሞን ስለ ነጠብጣብ የሚያወራ ማን አለ? መለሰ ሲመለስም አልነገርነውም። ብንነግረው እንኳ የምሽጉን ወሬ አቋርጦ የሚሰማን አልነበረም።

ልጅቷ ግንቦት ላይ ተወለደች። አነስ ያለች፣ ዓይኗ ግን ያየውን ሁሉ የሚበላ። መለሰ ስሟን መቅደላ አላት። ለምን ሲሉት «ተራራ ናት፤ አትነቃነቅም» አለ። ሁለት ኪሎ ተኩል የምትመዝን ተራራ።

ነሐሴ ሲመጣ ጦርነቱ እንደገና አገረሸ። ከቆቦ የተፈናቀለው ሰው ፍራሽና ድስቱን ተሸክሞ በመርሳ በኩል ወደ ደሴ ይጎርፍ ጀመር። ከወልድያ ማዶ መድፍ ይጮኻል። መድፉ በጮኸ ቁጥር የሱቄ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፤ እኔም አብሬው። መለሰ ደግሞ ልጅቷን በአሮጌ የባጃጅ ወንበር ላይ አስተኝቶ ጋራዡ ውስጥ ይሠራል። አንድ ቀን ከእጁ የጎማ ቸርኬ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ከአጠገቧ ወደቀ። እኔ ከግድግዳው ማዶ ሆኜ የያዝኩትን ዘይት ደፋሁ። መቅደላ ግን እንቅልፏን አልለቀቀችም።

«አያችሁ!» አለ መለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሽጉን ተወውና ስለ ልጁ ማውራት ጀመረ።

ሰው እየመጣ ያያት ጀመር። መለሰ የድስት ክዳን አንስቶ በመፍቻ ከራስጌዋ ይደበድባል፤ እሷ ትተኛለች። ነቅታ ከሆነ ደግሞ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ጣቷን ትጠባለች። «የአባቷ ልጅ!» ይላል። ከቆቦ የመጡ እናቶች የራሳቸው ልጆች በር በተዘጋ ቁጥር እየጮኹ ስለሚያስቸግሯቸው በቅናት ያዩዋታል። አንዷ ምን እያጠባችኋት ነው ብላ እህቴን ጠየቀቻት።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ጎረቤታችን ረሂማ፣ ፍርሃቷ ከኔም የሚብስ፣ አንድ ቀን መድፉ ሲበረታ እቃዋን ሸክፋ ወደ ደሴ ልትሄድ ወጣች። መንገዷ በጋራዡ በኩል ነውና መቅደላን ተኝታ አየቻት። ቆመች። ትንሽ አሰበችና እቃዋን መልሳ ወደ ቤቷ አስገባች።

«ወላሂ ሕፃን ያውቃል» አለችኝ። «ቅርብ ቢሆን ኖሮ ትነቃ ነበር። ካልነቃች ሩቅ ነው።»

እንግዲህ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በሳምንቱ ሰፈሩ በሙሉ በመቅደላ እየተዳደረ ነበር። መድፍ ሲጮኽ ሰው ወደ ሬዲዮ መሮጡን ትቶ ወደ ጋራዡ ይሮጣል። የሰፈራችን ሽማግሌ አባባ ገበየሁ፣ ለሁሉ ነገር ምክንያት የማያጡት፣ ከበራቸው ሆነው በከዘራቸው እያመለከቱ «ልጂቱ ምን አለች?» ብለው ይጠይቃሉ። «ተኝታለች አባባ!» ሲባሉ «እንግዲያውስ ጦሩ የአላውሃን ወንዝ አላለፈም» ብለው ቁጭ ይላሉ። መቅደላ ካልነቃች ሱቅ አይዘጋም፣ ገበያ አይበተንም፣ ማንም አይሸሽም። እኔም ራሴ፣ ላፍርበት እንጂ አልክደውም፣ ሁለት ጊዜ ያህል በግድግዳው ቀዳዳ አሾልቄ አይቻታለሁ።

ጳጉሜ ላይ አንድ ከሰዓት መድፉ ከምንጊዜውም ባሰ። ሰው ሁሉ እንደ ልማዱ ጋራዡ ደጃፍ ተሰብስቦ የልጅቷን ዓይን ይጠብቃል። ልክ ትልቁ መድፍ ሲጮኽ መቅደላ ዓይኗን ገለጠች፣ አፏን ከፈተችና እሪ አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ያሳፍራል። ረሂማ አንድ እግር ጫማ ብቻ አድርጋ ሮጠች። አባባ ገበየሁ ያለ ከዘራቸው መሄድ እንደሚችሉ ያን ቀን ታወቀ። እኔ ሱቄን ቆልፌ ቁልፉን በሩ ላይ ትቼው ሄድኩ። መለሰ ሁላችንንም ባጃጁ ላይ አጭቆ ወደ ውርጌሳ ነዳ። መንገድ ላይ የሚያየን ሁሉ ምን መጣ ይላል፤ «መቅደላ ነቃች!» ይላል መለሰ። ያልገባውም ሰው አብሮን ይሮጣል። መንገዱን ካጋመስን በኋላ ሙሉወርቅ ልጅቷን ፈታ አየቻት። ሸንታ ነበር። ሌላ ምንም የለም፤ ረጥባ ነው ያለቀሰችው። ግን መቼም ለዚያ ሁሉ ሰው አሁን ምን ተብሎ ይነገራል? ዝም ብለን ነዳን።

ውርጌሳ ስንደርስ መንገድ ዳር ሻይ ቤት ተቀመጥን። ልጅቷን እኔ ታቅፌያታለሁ። ያን ጊዜ ከኋላችን የቆመ አይሱዙ ጎማው ፈነዳ። እኔ መቼም ሞትኩ ብያለሁ። ሰው ሁሉ መሬት ላይ ተነጠፈ፤ ምሽግ ሰባሪው መለሰ ከሁሉ ቀድሞ ጠረጴዛ ሥር ገባ። እኔ ልጅ ይዤ ስለነበር መውደቅ አልቻልኩም። ስለዚህ ፊቷን አየሁት። መቅደላ አንዲት ፍየል እያየች ነበር፤ ጎማው ሲፈነዳ ዓይኗን ከፍየሏ ላይ አላነሳችም። ቆይታ ዞር ስትል ያ ሁሉ ሰው ተኝቷል። አየችን፣ አየችንና በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ ሳቀች።

«ሳቀች!» አለ መለሰ ከጠረጴዛው ሥር ብቅ ብሎ። «በፍንዳታ መሃል ሳቀች!»

እኔ እህቴን አየኋት። እሷ አላየችኝም፤ አቧራዋን እያራገፈች ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች። በማግሥቱ ጠዋት፣ ነገሩ ሁሉ ከንቱ ሽሽት መሆኑ ታውቆ ሰው ወደ መርሳ ለመመለስ ሲሰናዳ፣ ውኃ እንቅዳ ብዬ ለብቻዋ ወሰድኳት።

«እታለም፣ አትሰማም» አለችኝ ሳልጠይቃት።

«መቼ አወቅሽ?»

«ከቆየ። ከኋላዋ ሆኜ ስሟን እጠራለሁ፣ እዘፍንላታለሁ፣ ምንም። ሳታየኝ እናቷ መምጣቴን አታውቅም።» ጄሪካኑ ሞልቶ ሲፈስ ዝም ብላ ታየዋለች። «ለመለሰ ምን ብዬ ልንገረው? ሰው ፊት በሷ ነው ቀና ብሎ የሚሄደው። ደግሞስ እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ የምትጠየቀው ማን ናት? እናቷ ምን ረግጣ፣ ምን በድላ ነው የሚባለው። የዘሀራን ልጅ ረሳሽው? እግሩ ጠማማ ሆኖ ሲወለድ ባሏ በወሩ ጥሏት ሄደ። የኔም ቤት እንደዚያ ይፈርሳል።»

አይፈርስም ልላት ፈለግሁ፤ ግን መለሰን ስለማውቀው አፌ አልታዘዘኝም። ልጅቷ ሐኪም ሊያያት ይገባል፤ ሐኪም ካያት ደግሞ መለሰ ይሰማል። ሁለቱን የምንለያይበት መላ አጣን።

ጥቅምት ላይ አንድ ሹፌር ዕቃ ሲገዛኝ፣ ከደሴ የጆሮ ሐኪም ለጥቂት ቀናት ወልድያ መጥቶ ሰው እያየ መሆኑን ነገረኝ። መለሰን «ልጅህን ላስመርምራት» ብለው እንደማይሰማ አውቃለሁ፤ ረሂማ አንድ ጊዜ ለቀልድ «ጆሮዋ ደኅና ነው?» ብላው ሦስት ቀን አኩርፏታል። ስለዚህ ዋሸሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በደንብ አድርጌ ነው የዋሸሁት።

«መለሰ፣ ወልድያ አንድ ትልቅ ሐኪም መጥቷል። በመድፍ የማትደነግጥ ሕፃን አለች ሲሉት ካላየኋት አልመለስም አለ።»

«ስማችን ደሴ ደረሰ?» አለ።

በማግሥቱ የሠርጉን ኮት ለብሶ መጣ። እኔና ሙሉወርቅን ከሚኒባሱ ኋላ አስቀምጦ እሱ ልጅቷን ታቅፎ ከፊት ተቀመጠ፤ ወልድያ ስንገባ ሹፌሩ የመቅደላን ታሪክ በቃሉ ያውቀው ነበር።

ሐኪሙ ዶክተር እስራኤል ይባላል፤ ወጣት ነው፣ ድካም የተጫነው። መለሰ ገና ሳይቀመጥ «ያቺ የሰማሃት ልጅ ይቺ ናት» አለው። ሐኪሙ ምኑንም አልሰማ፤ ግን ጨዋ ነውና «እስቲ» አለ። ከልጅቷ ጀርባ ሆኖ አጨበጨበ። የምታሸከሽክ ነገር አንስቶ አሸከሸከ።

«አትደነግጥም?» አለ።

«በፍጹም!» አለ መለሰ።

«ስትጠራት ዞር ትላለች?»

«ኧረ እሷ ለማንም አትዞርም!»

«ዘፈን፣ ሬዲዮ፣ የውሻ ጩኸት?»

«ከቁብ አትቆጥረውም!»

መለሰ በእያንዳንዱ መልስ ደረቱን ሲነፋ ሐኪሙ በእያንዳንዱ ፊቱ ይጠቁራል። ጆሮዋ ውስጥ ትንሽ ነገር አግብቶ መሣሪያውን ተመለከተ፣ ወደ ሁለተኛው ጆሮ አዞረው፣ ደገመው። ከዚያ ወንበሩን ወደ እህቴ ሳበና ዝግ ብሎ ጠየቃት።

«በእርግዝናሽ መጀመሪያ አካባቢ ሽፍታ ነበረ?»

የሙሉወርቅ ፊት ሲለወጥ አየሁ። እኔም ያ ጨርቅና ቀዝቃዛ ውኃ ትዝ አለኝ። ሁለታችንም ገብቶናል፤ ሁለታችንም አንደበታችን ተያዘ። መለሰ ደግሞ ሰው ዝም ባለበት ቦታ ሁሉ የሚገባ ሰው ነው።

«ሽፍታ? ነበረ እንጂ! ያኔ ሽፍታ ያልነበረበት የት አለ ዶክተር?»

«ሌላም ሰው ላይ ነበረ ማለት ነው?»

«ሁሉም ላይ! ከወልድያ እስከ ውርጌሳ ማንን ማረ ብለህ?»

«እንደ ወረርሽኝ?»

«ወረርሽኝ በለው፣ ወረራ በለው፣ ያው ነው።»

ሐኪሙ መጻፍ ጀመረ። «ከየት ነው የጀመረው?»

«ከላይ። ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ወረደ።»

«አዎ፣ አካሄዱ እንደዚያ ነው። ትኩሳትስ አብሮት ነበረ?»

መለሰ ብረት ሲቀጠቅጥ ስለሚውል የእሱም ጆሮ ትንሽ ከበድ ይላል። «ተኩስማ ሌት ተቀን ነበር!»

«ሌሊትም አይለቃትም? ስንት ቀን ቆየ?»

«ምን ቀን ትላለህ? ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ።»

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። «ሽፍታው አራት ወር ቆየ?»

«አራት ወር ሙሉ። ፍንክች አላለም።»

«ታዲያ በምን ጠፋ?»

«ግማሹ በድሮን» አለ መለሰ።

እኔ፣ አምላክ ይየኝ፣ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆኜ ሳቄ መጣ፤ በነጠላዬ አፌን ያዝኩ። ሐኪሙ መለሰን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«ወንድሜ፣ እኔ የምጠይቀው የቆዳ ሽፍታ ነው። ሰውነቷ ላይ የሚወጣውን።»

«የቆዳ?» መለሰ ትንሽ አፈረ። «የቆዳማ አልነበረባትም። ብትታመም ትነግረኝ ነበር።»

«ነበረብኝ» አለች ሙሉወርቅ።

ነገረችው፤ ግለቱን፣ ከጆሮዋ ኋላ ያበጠውን፣ ከፊቷ የወረደውን ነጠብጣብ። የምትናገረው ለሐኪሙ ነው፤ ዓይኗ ግን ባሏ ላይ ነበር።

ሐኪሙ በቀስታ አስረዳን። እርግጡ በደም ምርመራ ይታወቃል፤ የጆሮዋም ምርመራ ደሴ መደገም አለበት፤ ነገር ግን ሁሉም የሚያመለክተው ሩቤላ ወደሚባል በሽታ ነው። «የጀርመን ኩፍኝም ይሉታል» አለ።

«ጀርመን ደግሞ በየት በኩል ገባች?» አለ መለሰ። ሊያስቀን ፈልጎ አልነበረም። ጭንቅላቱ ገና ከጦርነቱ አልወጣም።

«ስሙ ነው እንጂ ጀርመን ምንም አላደረገችም። በትንፋሽ የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። እናቲቱን ሙቀት የመታት ያህል ነክቷት ያልፋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሆነ ግን ማሕፀን ውስጥ ያለውን ልጅ ያገኘዋል፤ ጆሮውን፣ ዓይኑን፣ ልቡን። ጉዳቱም ከልጁ ጋር ያድጋል።» የልጅቷን ልብ አዳመጠ፣ በዓይኗ ላይ መብራት አበራ። «ልቧ ደኅና ይመስላል። ዓይኗም ጎበዝ ነው። ግን ሁለቱም እየተከታተሉ መታየት አለባቸው።»

«ያኔ ሐኪም ባገኝ ኖሮ ትድን ነበር?» አለች ሙሉወርቅ።

«ሐኪም ቢኖርም የሚያቆመው መድኃኒት የለውም። የሚከላከለው ክትባት ነው፤ እሱም ከእርግዝና በፊት ነው። አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም።»

መለሰ ይህን ሁሉ የሰማ አይመስልም። «መድፉን ታዲያ?» አለ።

«አልሰማችውም።»

«የድስት ክዳኑንስ?»

«አልሰማችውም።»

መለሰ ልጅቷን ወደ ደረቱ አስጠጋት። «እኔ ስጠራትስ? መቅደላዬ ስላትስ?»

ሐኪሙ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። መለሰን ያ ሁሉ ኮት ሰፋው። ልጅቷ ግን ቁልፎቹን ትጎትታለች።

«ብዙ መማር ትችላለች» አለ ሐኪሙ። «የምትማረው በዓይኗ ነው። መስማት ለተሳናቸው ልጆች በምልክት የሚያስተምሩ አሉ፤ እናንተም አብራችሁ ተማሩ። ጊዜ አታባክኑ።»

ከወልድያ ስንመለስ መለሰ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሹፌሩ ያው የጠዋቱ ነበርና «እህስ፣ ሐኪሙ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀው፤ አልመለሰለትም። ሲሪንቃን አለፍን፤ ዝም። ሙሉወርቅ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «እሱ ሳይቀድመኝ ልብሴን ይዤ አንቺ ዘንድ ልምጣ?» አለችኝ። እኔ ውስጤ እየተቃጠለ ነበር፤ አንድ ክፉ ቃል ቢወጣው በዚያ የሠርግ ኮት አንቄ እይዘዋለሁ ብዬ ወስኛለሁ። በወሬው ብዙ ጊዜ ጠልቼዋለሁ፤ ዝምታውን ግን ፈራሁት።

ጋራዡ ደጃፍ ሰው ተሰብስቦ ይጠብቃል። ይጠብቃል እንጂ፤ ጠዋት ሲሄድ ለመርሳ ሁሉ ተናግሮ ነው የሄደው። አባባ ገበየሁ ከፊት ናቸው፣ ረሂማ ከጎናቸው።

«እህሳ መለሰ! ሐኪሙ ጀግናይቱን አደነቀልህ?» አሉ አባባ ገበየሁ።

ሙሉወርቅ ክንዴን ጨብጣ ያዘች። መለሰ ልጅቷን ታቅፎ ቆመ።

«አትሰማም» አለ።

«ምኑን?»

«ምኑንም። መድፉንም አልሰማችው። ጀግናም አይደለች፣ ፈሪም አይደለች። ጆሮዋ አይሰማም።»

«ያ አላህ!» አለች ረሂማ። «እኛ እኮ በሷ...» ብላ ጀመረችና ተወችው። ሌላውም ሰው መሬት መሬት ማየት ጀመረ። በመቅደላ እንቅልፍ ተማምኖ ያን ሁሉ ሰሞን ቤቱ የተቀመጠ ሁሉ ምን ላይ ተቀምጦ እንደነበር አሁን ገባው።

አባባ ገበየሁ ከዘራቸውን ተደገፉ። «ይህማ ያለ ምክንያት አይመጣም» አሉ። ዓይናቸው ቀስ ብሎ ወደ እህቴ ዞረ፤ የሰው ዓይን ሁሉ ተከተላቸው። «እናቲቱ ምናልባት...»

«አባባ» አለ መለሰ። ሰው ማቋረጥ ልማዱ ነው፤ ሽማግሌ ሲያቋርጥ ግን አይቼው አላውቅም። «አከብርዎታለሁ። ምክንያቱን እኔ ልንገርዎት። ከተማው ተይዞ ሳለ በሽታ ያዛት። ሐኪም የለ፣ መድኃኒት የለ። በሽታው ሆዷ ውስጥ ያለችውን ልጅ አገኛት። ይኸው ነው። እሷ ስትታመም አጠገቧ እህቷ እንጂ ባሏ አልነበረም። ባሏ የት ነበር?»

«ምሽግ ላይ ነዋ» አለ ከኋላ አንድ ሰው ሊረዳው ፈልጎ።

«ምሽግ ላይ አልነበርኩም። ሐራ፣ በአጎቴ ማሽላ ውስጥ ተደብቄ ነበር። ቀለሁንም መንገድ ላይ ነው ያነሳሁት። እንግዲህ የሚወቀስ ሰው ከፈለጋችሁ ማሽላ ውስጥ ከነበረው ጀምሩ። ስለ ሙሉወርቅ ግን አንድ ቃል እንዳልሰማ።»

«ማሽላ ውስጥ?» አሉ አባባ ገበየሁ። ከልጅቷ ነገር ይልቅ ይኼኛው የበለጠ የከበዳቸው ይመስላል።

«ማሽላ ውስጥ።»

«አራቱንም ወር?»

«ሲታጨድ አገዳ ክምር ሥር ገባሁ።»

መጀመሪያ የሳቀችው ረሂማ ናት፤ ልትይዘው ሞክራ አቃታት። ከዚያ ሌላውም ተከተላት። አባባ ገበየሁ እንኳ «አገዳ ክምር!» እያሉ እንባቸውን ጠረጉ። በመለሰ ሲሳቅ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን መፍቻ ያነሳ ነበር። አሁን ግን በዚያ የሠርግ ኮቱ ልጁን እንዳቀፈ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ ሳቁን እንደ ዝናብ ተቀበለው። ቆይቶ ነው የገባኝ። ሁሉም በሱ ሲስቅ እህቴን የሚያይ አንድም ሰው አልነበረም።

ያን ጊዜ መለሰን ወደድኩት። ከልቤ ነው የምላችሁ።

ሙሉወርቅ ክንዴን ለቀቀችኝ። በሚስቀው ሰው መሃል አልፋ፣ እያለቀሰች፣ ልጇን ከእጁ ተቀበለችና ወደ ቤቷ ገባች።